ምስሩ ከየት መጣ?

እኔን ብሎ ጠበቃ! እስቲ አሁን ምን አግብቶኝ ነው? ፊደል አልቆጠርኩ፤ ሀ እና ለ መንገድ ላይ ቢያገኙኝ ሰላም ሳልላቸው ነው የማልፍ። ጉልበቴ ስነሣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ ላፕቶፕ ፊት ተጎልቼ «ውሸታም! ድገመው! አንተ ባለ ቀጭን ጢም፣ ድገመው ነው የምልህ!» እያልኩ የምጮኸው ምን ነክቶኝ ነው? አንድ ቀን መንገደኛ ሰምቶ ቤት ውስጥ ሰው የሚደበደብ መስሎት በሩን አንኳኩቷል። ያኔ ያየኝ ሁሉ «አሮጊቷ ለየላት» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ግን እዚያ ጨዋታ ውስጥ ባልገባ ኖሮ ዛሬ ቢቸና፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ይህን አላወራም ነበር። እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ካማረ እሷ አሳምራው ነው፤ ካላማረም እሷው ናት፣ እኔ የለሁበትም።

ቤቴ እንግዲህ ቢቸና ነው። ባለቤቴ ካለፈ ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖር፤ ብቻዬን ስል ከዶሮዎቼ ጋር ማለቴ ነው። ልጄ ሞጣ ነው ያገባችው፤ እዚያ ሱቅ አላት። በሁዳዴ ጾም ልትጠይቀኝ መጣች፤ የመጣች ቀን ቤቴ ውስጥ ድስት አረረ። ማረር ብቻ አይደለም፣ ከሰል ሆነ። ግድግዳው ጠቆረ፣ ጭሱ አጥር ተሻገረ። ልጄ እየሳለች ድስቱን በጨርቅ ያዘችና ደጅ ወረወረችው። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ወደኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ጃጅተሻል!» አለችኝ።

ይቺ ቃል ከጭሱ በላይ አነቀችኝ። ግን ምን ልበል? ድስቱ እዚያው ወድቋል። ቤቱ የኔ ነው፣ ምድጃው የኔ ነው። ጥጄ ረስቼ ይሆናል አልኩ። ረሳሽ የተባለ ሰው አልረሳሁም ብሎ በምን ይከራከራል? የረሳ ሰው እኮ መርሳቱንም ረስቶት ነው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። የልጅ ልጄን በእናቷ ስም ስጠራት፣ «አያችሁ?» የጓሮው በር ሳይዘጋ ሲያድር፣ «አያችሁ?» በስልክ ያንኑ ጨዋታ ደግሜ ስነግራት፣ «አያችሁ?» ጨዋታው ጥሩ ስለሆነ ነው የደገምኩት! ለዚያ የሚያስብ የለም።

ክረምት ሲገባ «ጉልበትሽን እናሳክምሽ» ብላ ሞጣ ወሰደችኝ። ጉልበቱ ሰበብ ነው። ስደርስ ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ሆኖ ጠበቀኝ። ከእንግዲህ የምኖረው ሞጣ ነው፤ የቢቸናው ቤት መስቀል ሲያልፍ ለአንድ አስተማሪ ይከራያል። ዶሮዎቼንስ ስል ጎረቤትሽ ትይዛቸዋለች አሉኝ። ጎረቤቴ! ዶሮዎቼን ስታይ ዓይኗ የሚቀላው ጎረቤቴ!

ሞጣ ክፉ አገር አይደለም። ገበያው ደስ ይላል፤ ሰዉ ጨዋ ነው። ልጄም አልበደለችኝም፤ አልጋዬን ከራሷ አልጋ የለሰለሰ አደረገችው። ክብሪት ግን ትደብቅብኛለች። ሽንኩርት ልላጥ ስል ቢላዋውን ቀስ አድርጋ ከእጄ ትወስዳለች፣ ከሕፃን እጅ እንደሚወሰድ። ሱቅ ስትሄድ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ገመድ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ነው የምትወጣው። ያቺን ገመድ ሳይ ቢቸና ያለው ቤቴ ነበር የሚታየኝ። ቁልፉን አስተማሪው ከወሰደው፣ እንደገና የራሴን እሳት አልለኩስም ማለት ነው።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ቤት ነበረች። እኔን የመጠበቅ ሥራ ተሰጣት። ጥበቃዋ እንዲህ ነው፦ እኔ ፍራሹ ላይ፣ እሷ ጎኔ፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት አንድ ቀን። የተሳሉ ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸው የጥጃ ዓይን ያህላል።

«ጌም ነው እምዬ። የፍርድ ቤት ጌም።»

«ፍርድ ቤት ደግሞ ይጫወቱበታል?»

«አዎ፤ እኔ ጠበቃዋ ነኝ። ያቺ ጥቁር ካባ የለበሰችው። ይሄ ሰውዬ አትክልተኛ ነው፣ ጌታውን ገድለሃል ተብሎ ተከሷል። እሱ ግን አልገደለም።»

«ካልገደለ ልቀቁት በያቸዋ።»

«ማስረጃ ይፈልጋሉ። ምስክሮቹ ሲናገሩ እሰማና የሚጋጭ ነገር ካገኘሁ እይዛቸዋለሁ። ከዳኛው ፊት ሻማዎች አየሽ? በተሳሳትኩ ቁጥር አንድ ሻማ ይጠፋል። ሁሉም ከጠፉ አትክልተኛው ተፈረደበት ማለት ነው።»

አትክልተኛውን አየሁት። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ሰው ሁሉ አጥፍተሃል ሲለው እሱም ያጠፋ ሳይመስለው አልቀረም። አንጀቴን በላው። ጉልበቴን አመቻችቼ ተጠጋሁና፣ «ገለጥ አድርጊው እስቲ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ገባሁ፤ ገብቼ ቀረሁ።

ጽሑፉ የፈረንጅ ነው። እሷ በአማርኛ ትነግረኛለች፣ ድምፅ እየቀያየረች፤ ዳኛውን በወፍራሙ፣ ገረዲቱን በቀጭኑ። ምስክሩ ሲዋሽ ትልቁን ቁልፍ መጫን ነው። ያኔ ጠበቃዋ ብድግ ትልና ካባዋን ወደ ኋላ ስትወረውር ሙዚቃው ይቀየራል። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ አልኳት። እሺ አለች። መጀመሪያ ቀን ደስ ብሎኝ ዝም ብዬ ስጫን ሦስት ሻማ አጠፋሁ።

ዋናው ምስክር የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፤ ያ ባለ ቀጭን ጢም። ሱፍ ለብሷል፣ ፀጉሩ በቅባት ተኝቷል። ወጣና ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ። ከዚያ የሚለው እንዲህ ነው፦ ያን ምሽት ኃይለኛ ዝናብ ይጥል ነበር። እሱ ፎቅ ላይ ካለው ክፍል ሻይ ይጠጣል። ጩኸት ሲሰማ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን ብቅ ቢያደርግ፣ አትክልተኛው መቆፈሪያውን ይዞ ሲሮጥ አየ።

«በይ እምዬ፣ እናስጨንቀው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ምስክሩን ነዋ!»

«ማለ እኮ።»

«እና?»

«እናማ አለቀ። የማለ ሰው ምን ይጠየቃል?»

«እምዬ፣ ሁሉም ይምላሉ። ሕጉ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ማለ ነው የምልሽ! ሰው ከማለ ወዲያ የሚነዘንዘው ሰው ኃጢአቱን ይካፈላል። አባቴ ሲሉን የኖሩት ይህን ነው። እኔ ከዚህ ቅባታም ጋር ኃጢአት አልካፈልም። እለፊው!»

ለመነችኝ፣ እምቢ አልኩ። አለፈችው። ሻማዎቹ ጠፉ። ዳኛው መዶሻውን መታ፤ አትክልተኛው ተፈረደበት። ይባስ ብሎ ወደኛ ዞሮ ባርኔጣውን አውልቆ አመሰገነን! «ስለደከማችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ የልጅ ልጄ እንዳነበበችልኝ።

ምሳ አልበላሁም። ልጄ ከሱቅ መጥታ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ሰው አስገደልኩ» አልኳት። ባሏን አየችው። ባሏ ሳህኑን አየ።

በማግስቱ የልጅ ልጄ እየሳቀች ከፈተችው። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን እምዬ።»

«ከሞት ፍርድ ወዲህ?»

«ከሞት ፍርድ ወዲህ።»

«እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አለና ነው እዚህ የምንደክመው!»

ያ ቅባታም እንደገና ወጣ። እጁን አነሣ። ይህን ጊዜ አፍንጫዬ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋሁ።

«ቆይ ቆይ። ወንጌል ይዟል?»

«አልያዘም።»

«መስቀል ስሟል? ቄስ አለ?»

«የለም እምዬ። እጁን ብቻ ነው የሚያነሣው።»

«ታዲያ ይሄ መሐላ ነው? ይሄማ ሰላምታ ነው! ለሰላምታ ብዬ ነው ያን ምስኪን ያስፈረድኩበት? ድገመው በይው!»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። በየቃሉ አስቆመው ጀመር። «መስኮቱን ከፈትኩ አለ?» «ከፈትኩ አለ።» «አንገቱን አወጣ?» «አወጣ።» «ዝናቡስ?» «ፊቴን መታኝ ነው የሚለው።» የልጅ ልጄ የኋላውን እየረሳች ወደ ኋላ ተመልሳ ታነባለች፤ እኔ ግን ገረዲቱ ያለችውን፣ ዘበኛው ያለውን፣ ሐኪሙ ያለውን አልረሳም። ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት ለምጃለሁ። ቀስ ብላ አየችኝና «እምዬ፣ አንቺ እኮ አንድ ነገር አይጠፋሽም» አለች። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ልቤ ግን ዘለለች።

ፖሊሶች ያንኑ ምሽት ያነሡት ፎቶ ነበር። ክፍሉ ይታያል፤ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲኒና ክዳን የሌለው የስኳር ሳህን። የልጅ ልጄ ስለ ጫማው ትመራመራለች፣ ስለ ቁልፉ ትመራመራለች። እኔ ዓይኔ ስኳሩ ላይ ቀረ። እንደ ጉብታ ተቆልሏል፣ ነጭ፣ ደረቅ።

ውጭ የሞጣ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተነሣሁና የክፍላችንን መስኮት ብርግድ አደረግኩት። ዝናቡ ዘው ብሎ ገባ። ምንጣፉን፣ ፍራሹን፣ መጋረጃውን አራሰው።

«እምዬ! ላፕቶፑ!» ብላ አቅፋው ጥግ ገባች።

«ይኸውልሽ! የዚያ ሰውዬ ስኳር የት ይደርስ ነበር? ሽሮፕ ነበር የሚሆነው! መስኮት አልከፈተም፣ አንገት አላወጣም፣ ማንንም አላየም! ስኳሩን ስጪያቸው!»

እዚያው ጥግ እንደተወሸቀች ስኳሩን መረጠች፤ እኔ ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩት። ካባው ተወረወረ። ሙዚቃው ተቀየረ። የቅባታሙ ፀጉር ቆመ፣ ላብ አጠመቀው፣ ተንተባተበ፤ ከዚያ ሁሉን ዘረገፈው። ገዳዩ ራሱ! አትክልተኛው ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ። እኔ ጉልበቴን ረስቼ ተነሥቼ እልልታዬን አቀለጥኩት። የሞጣ ጎረቤቶች «ማን ወለደ?» እያሉ ወደ በሩ መጡ።

ልጄም ከሱቅ ሮጣ መጣች። የምታየውን እዩልኝ፦ ዝናብ ቤት ውስጥ ይዘንባል፣ ልጇ ጥግ ተወሽቃለች፣ እናቷ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ቆማ እልል ትላለች።

«ማነው መስኮቱን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ፤» አልኳት፣ «ለምርመራ።»

አልተቆጣችም። ቁጣ ቢሆን ደግ ነበር። አዘነችልኝ። መስኮቱን ዘግታ፣ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ ለባሏ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አስተማሪውን መስቀል አይጠብቅ፣ ቤቱን አሁኑኑ ይረከብ በለው» ስትል ሰማኋት። ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።

በማግስቱ አንዲት የሱቅ ደንበኛዋ ቤት መጣች። ልጄ የድስቱን ነገር ጀመረችላት። ለስንቱ እንደነገረችው እሷም አታውቀውም፤ በቃሏ ይዛዋለች። «ከመኪና ወርጄ ገና ከደጅ ጭሱ አፈነኝ» አለች። «ስገባ እማዬ ጓሮ ናት። ምስሩ ከሰል ሆኗል፣ ድስቱ ከማዕድ ቤቱ ጋር ሊነድ ነው!»

እኔ ማዕዘን ላይ ሆኜ ጥጥ እየፈተልኩ ነበር። እንዝርቷ ከእጄ ወደቀች።

ምስሩ?

እስከዚያ ቀን ድስቱ ውስጥ ምን እንደነበር የጠየቀ ሰው የለም፤ እኔም ለራሴ። እንዝርቴን አነሣሁና ምንም ሳልል ፈተልኩ። ሳቄን ለመዋጥ ግን ብዙ ምራቅ ወርዷል።

ፍልሰታ የተፈታ ዕለት ሁሉም ቤት ዋለ። ዶሮው እስኪበላ፣ እጅ እስኪታጠብ ጠበቅኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ክስ አለኝ» አልኩ።

«ምን?» አለች ልጄ።

«ጃጀች ተብዬ ተፈርዶብኛል፤ ሳልሰማ፣ ሳልጠየቅ። ይግባኝ እላለሁ። ዳኛው አማቼ ናቸው።»

አማቼ ጨዋ ሰው ነው፤ እኔም እሱን አንቱ ነው የምለው፣ እሱም እኔን። ዓይኑ ወደ ሚስቱ ሄዶ ተመለሰ። «እማማ፣ እኔን ባይጨምሩኝ? እኔ እኮ እዚህ ቤት ነው የማድረው» አለ።

«ዳኛ አይፈራም! እንኩ» ብዬ የነጭ ሽንኩርት መቀጥቀጫውን አስያዝኩት። የልጅ ልጄ ሳቋን ይዛ ሦስት ሻማ አምጥታ ፊቱ ለኮሰች። ክብሪቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።

«ይሄ የጌም ነገር ነው አይደል?» አለች ልጄ። «እሺ፣ ደስ ይበልሽ። ምን ልናገር?»

«የድስቱን ቀን ተናገሪ። እንደለመድሽው።»

ተናገረች። ከመኪና ወረድኩ፣ ከደጅ ጭስ አፈነኝ፣ ስገባ ምስሩ ከሰል ሆኗል።

«ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ከመኪና ስትወርጂ ምን ይዘሽ ነበር?»

«ዕቃ ነዋ። ላንቺ የያዝኩልሽን። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር…» ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፣ «ሻማ፣ ምስር…»

ጣቷ እንደታጠፈ ቀረ።

«ምስር አልሽ?» አልኳት ቀስ ብዬ። «ምነው እኔ ምስር አልበላ! ሆዴን ይነፋኛል፣ ከቤቴም ደርሶ አያውቅ። አንቺ አይደለሽ ደም ይሆንሻል ብለሽ በግድ ከሞጣ ይዘሽልኝ የመጣሽው?»

«አዎ፣ ግን…»

«ይኸውልዎት ክቡር ዳኛ! ድስቱ ልጄ ሳትደርስ ያረረ ነው ተባለ። ድስቱ ውስጥ ያለው ምስር ነው ተባለ። ምስሩ ግን ያለው ልጄ ሻንጣ ውስጥ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ ያ ምስር እንዴት አድርጎ ቀድሟት ገባ? በእግሩ ነው የመጣው?»

የልጅ ልጄ «ወይኔ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አማቼ መቀጥቀጫውን እንደያዘ ፈዘዘ።

«ማርያምን እማዬ፣ እኔ…» ስትል እጄን አነሣሁ።

«ማርያምን አታስገቢያት። እሷ ድስቱ ዘንድ አልነበረችም። እዚህ ችሎት መሐላ የለም፤ መሐላ አንድ ቀን ሰው አስፈርዶብኛል!»

ልጄ ቀልቧን ሰበሰበች። የማን ልጅ መሰለቻችሁ፣ በቀላሉ አትረታም። «እሺ፣ የጣድኩት እኔ ልሁን። ግን ስወጣ እዪልኝ ብዬሽ ነበር! አሁን ትዝ አለኝ፣ ብዬሻለሁ።»

«ለማን? ለኔ ወይስ ለግድግዳው? እኔ የት ነበርኩ?»

«እሱን እንኳ…»

«ምስክር ይጠራ!»

የልጅ ልጄ ቢቸና ጎረቤቴ ዘንድ ደወለችና ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ማነው?» አለች ጎረቤቴ፣ አገር እስኪሰማ።

«እኔ ነኝ፣ የጎረቤትዎ የልጅ ልጅ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም! እዚሁ ናት።»

«እንግዲያውስ ዶሮዋ ትሞታለች በያት። ጎመኔን ሥሩን ሳይቀር ለቅማዋለች!»

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። ምስክር አይነካም፣ ጌሙ ላይ እንዲያ ነው። የልጅ ልጄ ቀጠለች፦ «በሁዳዴ ድስት ያረረ ቀን እናቴ ከሞጣ መጥታ ነበር። ያኔ አያቴ የት እንደነበረች ያስታውሳሉ?»

«እንዴት ይረሳኛል! አጥሩ ሥር ቆመን ስንሰዳደብ ነበራ! በዚሁ በጎመን። ጭሱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ቤትሽ ሊነድ ነው ስላት 'ነገር አታዙሪ' አለችኝና ስድቧን ቀጠለች።»

«እናቴስ?»

«እናትሽማ ከበር ውጭ ኔትዎርክ የሚገኝበት ድንጋይ ላይ ቆማ በስልክ ስትስቅ ነበር። ገና ስድቡን ሳንጀምር እዚያው ነበረች፣ ጨርሰንም እዚያው ነበረች።»

«ከመኪና ገና መውረዷ ይሆን?»

«ምን መውረድ! የአያትሽን ያቺን ቀይ የቤት ጫማ አድርጋ፣ ሽርጥ አገልድማ! ከመኪና ሽርጥ አገልድሞ የሚወርድ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌላ አለሽ? እኔ ሥራ አለኝ» ብላ ዘጋችው።

የልጅ ልጄ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣች። ሦስቱም ሻማ ቦግ ብሎ ይነዳል፤ አንድም አልጠፋብኝ።

ልጄ ቁጭ አለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መሰለኝ፤ ሳያት ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅም ነው፣ በልቅሶም ነው።

«ከሱቁ ነበር የተደወለልኝ» አለች። «ምስሩን ጥጄ ወጣሁ… እውነቴን ነው እማዬ፣ አልዋሸሁም። ጭሱን ሳይ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ላንዱ ሳወራ፣ ላንዱ ሳወራ፣ ከመኪና ወርጄ ጭሱ ላይ የደረስኩ መስሎኝ ቀረ።»

«እኔም ነገርሽን ሰምቼ የጣድኩት መስሎኝ ነበር» አልኳት። «እንግዲህ አንቺም ረሳሽ። አንቺንስ ማን ዘንድ እናስቀምጥሽ?»

አማቼ ሊስቅ ፈልጎ ሲስል፣ ሲስል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ዳኛ መሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ። ሚስቱን አላያትም። ጠረጴዛውን በመቀጥቀጫው ጓ አደረገውና፣ «እማማ አልጃጁም። ቤቱ አይከራይም። እማማ ወደ ቤታቸው ይመለሱ» አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «ለአስተማሪው እኔ እነግረዋለሁ» አለ።

እልልታው የኔ ብቻ አልነበረም። የልጅ ልጄ ከኔ በላይ ጮኸች።

ሲበርድ ልጄ አጠገቤ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች፣ ልጅ ሳለች እንደምትቀመጠው። «ብቻሽን ስትሆኚ እፈራለሁ እማዬ» አለችኝ።

«እሱን በይኝ። እፈራለሁ ስትይኝ እሰማሻለሁ። ጃጀሽ ስትይኝ ግን ጠበቃ አቆማለሁ።»

«ማንን?»

«ራሴን!»

ማታ ማታ ስልክ ላነሣላት ተስማማን። እኔም የምጠይቃት ነበረኝ፤ ያንን የምድጃ ገመድ። ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ ግድግዳው ላይ ሰካችው። በማግስቱ ጠዋት ሽሮ ሠራሁላቸው። ማንም በር ላይ ቆሞ አላየኝም። ልጄ ግን ወደ ጓዳ መግባት እያማራት፣ አንድ ቢላዋ ሦስት ጊዜ አጠበች።

መንገዱ ደህና ነው የተባለ ቀን የልጅ ልጄ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ እስኪደርስ ከጎኔ ለተቀመጡት ሁሉ ስኳሩንም ምስሩንም ነገርኳቸው። ረዳቱ ሳይቀር መልስ መስጠቱን ትቶ ይሰማኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ያ አትክልተኛ አሁን የት ነው ያለው?» አሉኝ። ተፈቷል አልኳቸው። እግዜር ይመስገን አሉ።

ቢቸና ስወርድ ካፊያ ነበር። የበሩ ቁልፍ ዝጎ እጄን ቢያደማውም ከፈትኩት። ቤቱ የሻገተ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ ያ የጭስ ጥቁር አለ። አላስጠርገውም፣ ይቀመጥልኝ፤ ማስረጃ ነው። የራሴን ክብሪት በራሴ እጅ ጫርኩና እሳት አነደድኩ። የልጅ ልጄ ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ስትሰካ፣ አዲስ ክስ አለ አለችኝ፤ መርከብ ላይ የጠፋ የአንገት ሐብል። ቆይ፣ መጀመሪያ ምስክሬን ላመስግን አልኳት።

አንድ ኪሎ ስኳር በነጠላዬ ቋጥሬ ወደ አጥሩ ወጣሁ። ጎረቤቴ ጎመኗ ውስጥ ጎንበስ ብላ ትኮተኩታለች። ዶሮዬ ደግሞ ሁለት ክንድ ርቃ ኋላዋ ኋላዋ ትለቅማለች፣ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል።

«እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አልኳት፣ ስኳሩን በአጥሩ ላይ እየዘረጋሁ። «ያንቺ ቃል ነው ለቤቴ ያበቃኝ።»

ስኳሩን ተቀበለችኝ። እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፣ ዶሮዬንም አየቻት።

«እኔ የመሰከርኩት እውነት ስለሆነ ነው እንጂ እንድትመለሺ ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ዶሮሽን እሰሪ።»